ቸኮሌት ላይ ስዊዘርላንድ አንደኛ አይደለችም፦ "የዓለም የቸኮሌት ነገሥታት" ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን "የዓለም የቸኮሌት ነገሥታት" የምትል አንዲት ጽሑፍ በየግሩፑ እየዞረች ነው፣ እኔ ጋርም ከተለያየ ሰው ደጋግማ መጥታለች፣ ከስሯ ያለው ኮመንት ደግሞ አብዛኛው "ተማርን፣ እናመሰግናለን" የሚል ነው። ላላነበባችሁ ባጭሩ የምትለው እንዲ ነው፦ በቸኮሌት ምርትም በኤክስፖርትም ስዊዘርላንድ የዓለም አንደኛ ናት፣ ቤልጂየም ካካዎ (ቸኮሌት የሚሠራበትን ፍሬ) ከኮንጎ ስለምታመጣ ሁለተኛ ናት፣ አሜሪካ ትልልቅ ካምፓኒዎች ስላሏት ሦስተኛ ናት፣ አፍሪካ ግን ካካዎውን መፍጨት እንኳን ስለማታውቅና አውሮፓም በታሪፍ ስለዘጋባት ፍሬ ሻጭ ሆና ቀረች፣ መፍትሄው ጥሬ ካካዎ ከአፍሪካ እንዳይወጣ ባንድ ቀን መከልከል ነው፣ ኢትዮጵያም ቴፒ ላይ ካካዎ ተክላ ገበያውን ትቀላቀል።

እኔ የምኖረው ጀርመን ነው፣ ቸኮሌት ፋብሪካ ውስጥ ማሸጊያ መስመር ላይ ሠርቻለሁ፣ ስለዚ ነገሩ ከሩቅ የምሰማው ወሬ አይደለም። ጸሐፊው ለካካዎ ገበሬ መቆርቆሩን አከብራለሁ፣ እኔም እቆረቆራለሁ። ግን መረጃው በአብዛኛው የተሳሳተ ነው፣ በተሳሳተ መረጃ ላይ የቆመ መፍትሄ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ የተቆረቆረለትን ገበሬ ነው፣ ይሄንንም ከዚ በፊት በተግባር አይተነዋል፣ ወደታች እመጣበታለሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር፣ ስዊዘርላንድ። በቸኮሌት ኤክስፖርት አንደኛዋ ጀርመን ናት፣ ያውም በሰፊ ልዩነት፣ በቅርብ ዓመታት በዓመት ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቸኮሌት ወደ ውጭ ትልካለች። ቀጥላ ቤልጂየም ከ3 ቢሊዮን በላይ ይዛ ትመጣለች፣ ከዛ ጣሊያን፣ ፖላንድና ሆላንድ እያንዳንዳቸው 2 ቢሊዮን አካባቢና ከዛም በላይ ሆነው እርስ በርስ ቦታ ይቀያየራሉ፣ ካናዳም እዛው አጠገባቸው ናት። ስዊዘርላንድ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥም የለችም፣ ኤክስፖርቷ 1 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። ፋብሪካዎቿ በዓመት 200 ሺህ ቶን ገደማ ያመርታሉ፣ ከዛ ውስጥ 70 በመቶ የሚሆነው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ለ9 ሚሊዮን ሕዝብ አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው ግን የዓለም አንደኛ አያሰኝም። አንደኛ የምትባልበት ነገር ካለ በመብላት ነው፣ አንድ ሰው በዓመት 11 ኪሎ አካባቢ ይበላል፣ እሱ ላይ አልከራከርም።

ታዲያ ስሙ ከየት መጣ? ከታሪክ ነው የመጣው፣ ታሪኩ ደግሞ እውነት ነው። በ1875 ዳንኤል ፒተር የሚባል ሰው ቬቬ ከተማ ላይ ወተትን ከቸኮሌት ጋር ማዋሃድ ቻለ፣ በ1879 ደግሞ ሮዶልፍ ሊንት በርን ላይ ቸኮሌቱን ለረጅም ሰዓት እያሹ የማለስለስ ዘዴ አገኘ፣ ከዛ በፊት ቸኮሌት ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሽ ሻካራ ነገር ነበር። እነዚ ሁለት ነገሮች ባይኖሩ ዛሬ የምንበላው ቸኮሌት አይኖርም ነበር። ግን 150 ዓመት ገደማ አልፏል፣ ዕውቀቱ ከስዊዘርላንድ ወጥቶ ዓለምን ከዞረ ቆይቷል፣ ፋብሪካዎቹም ተከትለውት ወጥተዋል።

ሚልካን እንውሰድ፣ ከአውሮፓ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ የማይጠፋውን ሐምራዊውን። መነሻው ስዊዝ ነው፣ በ1901 ሱሻርድ የሚባለው የስዊዝ ቤት ነው የጀመረው። ዛሬ ግን ባለቤቱ ሞንዴሊዝ የሚባል የአሜሪካ ካምፓኒ ነው፣ ትልቁ ፋብሪካው ደግሞ ለራህ የምትባል የጀርመን ከተማ ውስጥ ነው፣ ባዝል ጥግ፣ ከስዊዝ ድንበር አፍንጫ ስር። ሊንትም እንደዛው ነው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ዙሪክ አጠገብ ቢሆንም ጀርመን ውስጥ አኽን ላይ ትልቅ ፋብሪካ አለው፣ እዛ የተሠራው ሁሉ በኤክስፖርት ቁጥር ውስጥ የሚቆጠረው ለጀርመን ነው።

ቶብለሮን ደግሞ ከሁሉ ግልፁ ምሳሌ ነው። ከ1908 ጀምሮ የበርን ልጅ ነው፣ ማሸጊያው ላይ ማተርሆርን የሚባለው የስዊዝ ተራራ ነበረበት። ሞንዴሊዝ በ2023 የምርቱን የተወሰነ ክፍል ስሎቫኪያ፣ ብራቲስላቫ ሊያሠራ ሲወስን ተራራው ከማሸጊያው ላይ መነሳት ነበረበት፣ ምክንያቱም ስዊዘርላንድ ከ2017 ጀምሮ ጥብቅ ሕግ አላት፣ አንድ ምግብ የስዊዝ ነኝ ብሎ የአገሪቱን ምልክት ለመጠቀም ከጥሬ ዕቃው ቢያንስ 80 በመቶው ከዛው አገር መሆን አለበት፣ ወተቱ ደግሞ 100 በመቶ፣ (ካካዎ አገሪቱ ውስጥ ስለማይበቅል ከሒሳቡ ይወጣል)፣ ዋናው ሥራም እዛው መሠራት አለበት። በርን ላይ አሁንም ይመረታል ግን ተራራው ተነስቷል። እንግዲ ስዊዞቹ ራሳቸው በሕግ "ይሄ የኛ ነው፣ ያ የኛ አይደለም" ብለው በጥንቃቄ የሚለዩትን ነገር ነው ጸሐፊው በጅምላ ለነሱ የሰጠው።

ቤልጂየም ሁለተኛ ናት የሚለው በኤክስፖርት ትክክል ነው፣ ምክንያቱ ግን ትክክል አይደለም። በቅኝ ግዛት ጊዜ ከኮንጎ ካካዎ ይሄድ ነበር፣ እሱ የሚካድ አይደለም፣ አሁን ግን አውሮፓ ውስጥ የሚገባው ካካዎ በብዛት የሚመጣው ከአይቮሪኮስትና ከጋና ነው፣ ሁለቱ ብቻ ከዓለም ምርት ግማሹን ያልፋሉ። ቤልጂየምን ሁለተኛ ያደረጋት ከኋላዋ ያለው ኢንዱስትሪ ነው፣ እና እዚህ ላይ ጸሐፊው ጭራሽ ያልነካው፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ መታወቅ አለበት የምለው ነገር አለ።

ቤልጂየም ሲባል ሰው የሚታየው ያ በሳጥን የሚሸጥ ፕራሊን ነው፣ በ1912 ዣን ኖይሃውስ ብራስልስ ውስጥ የፈጠረው፣ ውስጡ ክሬም ያለው። ቆንጆ ነው፣ ግን ትልቁን ክብደት የሚይዘው እሱ አይደለም። ቪዘ በምትባል ትንሽ ከተማ ባሪ ካሌቦ የሚባለው ካምፓኒ የዓለም ትልቁ የቸኮሌት ፋብሪካ አለው፣ ይሄ ካምፓኒ በራሱ ስም ለናንተ ቸኮሌት አይሸጥላችሁም፣ የሚሸጠው ለሌሎች ቸኮሌት ሠሪዎች፣ ለብስኩት ፋብሪካ፣ ለአይስክሬም ፋብሪካና ለዳቦ ቤት ነው። ያውም በብዛት ፈሳሹን፣ በሚሞቅ ታንከር መኪና። እኔ የሠራሁበት ፋብሪካም እንደዛ ነበር የሚያደርገው፣ ታንከሩ ማታ ከቤልጂየም ይመጣል፣ ቸኮሌቱ ሞቅ እንዳለ በቱቦ ወደ ጋን ይገለበጣል፣ እኛ ጋ ለውዝ ይጨመርበታል፣ ቅርፅ ይወጣለታል፣ ይታሸጋል፣ ከዛ "ጀርመን ውስጥ የተመረተ" ተብሎ ወደ ሌላ አገር ይጫናል። ያ አንድ ቸኮሌት ከቤልጂየም ሲወጣ የቤልጂየም ኤክስፖርት ሆኖ ተቆጥሯል፣ ከጀርመን ሲወጣ ደግሞ የጀርመን ኤክስፖርት ሆኖ እንደገና ይቆጠራል። ስለዚ እነዚን የኤክስፖርት ቁጥሮች ስታዩ "ይሄ አገር ይሄን ያህል ቸኮሌት ፈጠረ" ብላችሁ አትውሰዱት፣ አውሮፓ ውስጥ ቸኮሌት ድንበር ሁለት ሦስቴ ያቋርጣል፣ ጀርመን ራሷ ከትልልቆቹ ቸኮሌት አስገቢዎችም አንዷ ናት። በሰኔ 2022 ያ የቪዘው ፋብሪካ ሳልሞኔላ ተገኝቶበት ምርት ሲያቆም ብዙ ደንበኛ ካምፓኒዎች ናቸው የተደናገጡት፣ ምክንያቱም በየራሳቸው ስም የሚሸጡት ቸኮሌት ምንጩ እዛ ነበር። የባሪ ካሌቦ ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ የት ነው? ዙሪክ፣ ስዊዘርላንድ። ፋብሪካው ቤልጂየም ላይ ይቆጠራል፣ ውሳኔውና ትርፉ ስዊዘርላንድ ነው። ጸሐፊው ስዊዘርላንድን ማስቀደም ከፈለገ በኤክስፖርት ሳይሆን በዚ በኩል ቢመጣ ያስኬደው ነበር።

አሜሪካን በአጭሩ ልለፈው። ማርስም ሄርሺም ሞንዴሊዝም የአሜሪካ ናቸው፣ አገሪቱም ብዙ ታመርታለች፣ ግን የምታመርተውን በአብዛኛው ራሷ ትበላዋለች፣ የምትልከውም በብዛት ለጎረቤቶቿ ለካናዳና ለሜክሲኮ ነው። እንዲያውም ካናዳ ከሷ በላይ የምትልክባቸው ዓመታት አሉ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ስኳር ነው፣ አሜሪካ የስኳር አምራቾቿን ለመጠበቅ የአገር ውስጥ ዋጋውን ከዓለም ዋጋ በላይ አርጋ ስለያዘችው ጣፋጭ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ድንበር ተሻግረው መሥራት ያዋጣቸዋል።

ጽሑፉ ላይ ስሟ እንኳን ያልተነሳችው ፖላንድ ናት፣ እና ይሄ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ብሪስቶል አጠገብ ሶመርዴል የሚባል ፋብሪካ ነበር፣ የፍራይ ቤተሰብ ቤት፣ በ1847 የመጀመሪያውን የሚበላ ጠፍጣፋ ቸኮሌት የሠሩት እነሱ ናቸው፣ በኋላ ከካድበሪ ጋር ተቀላቅለዋል። ክራፍት የተባለው የአሜሪካ ካምፓኒ በ2010 ካድበሪን ሊገዛ ሲል ፋብሪካውን አልዘጋም ብሎ ቃል ገብቶ ነበር፣ ከገዛ በኋላ በቀናት ውስጥ ቃሉን አጠፈ፣ ምርቱ ፖላንድ ውስጥ ስካርቢሚዥ ወደተሠራው ፋብሪካ ሄደ። እንግሊዝ ውስጥ ትልቅ ቁጣ አስነስቶ ነበር። ፖላንድ እንዲ እንዲ እያለች ነው ከትልልቆቹ ላኪዎች የተቀላቀለችው፣ የጉልበት ዋጋ ከጀርመን ይቀንሳል፣ ወተትና ስኳር አላት፣ ከጀርመን ገበያ ጋር ድንበርተኛ ናት፣ የአውሮፓ ኅብረት አባል ስለሆነች ቀረጥ የለም። ቬደል የሚባለው የዋርሶ ቤት በ1851 የተመሠረተ ነው፣ ስለዚ ሙያውም ቢሆን አዲስ አይደለም።

ጀርመንስ ለምን አንደኛ ሆነች ካላችሁ ያው ተመሳሳይ ነገር በትልቁ ነው። አንዲት የካካዎ ዛፍ የላትም፣ ግን በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ወተት በማምረት አንደኛ ናት፣ ስኳር ከራሷ ማሳ ሹገር ቢት ከሚባለው የቀይ ሥር ዘመድ ታወጣለች፣ ከ80 ሚሊዮን በላይ ቸኮሌት ወዳጅ ሕዝብ አላት፣ ዙሪያዋን ቀረጥ የሌለበት ገበያ ነው፣ የአምስተርዳም ወደብ ደግሞ፣ የዓለም ትልቁ የካካዎ መግቢያ፣ ጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። ሪተር ስፖርት ሽቱትጋርት አጠገብ ነው፣ መርሲን የሚሠራው ሽቶርክ የጀርመን ነው፣ የጣሊያኑ ፌሬሮም ሽታትአሌንዶርፍ ላይ ግዙፍ ፋብሪካ አለው። እነ አልዲና ሊድል በራሳቸው ስም የሚያሠሩት ርካሽ ቸኮሌትም አለ፣ እሱ በማስታወቂያ አይታይም ግን መጠኑ ብዙ ነው።

(ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ላላችሁ ደግሞ፣ "ዱባይ ቸኮሌት" ብላችሁ የምትገዙትን ፒስታሽዮና ኩናፋ ያለበትን ማሸጊያ ከኋላው አንብቡት። ዱባይ ውስጥ የጀመረ ነገር ነው፣ ዝናው ሲነሳ ግን ቱርክና አውሮፓ ውስጥ ያሉ ፋብሪካዎች ተረባረቡበት፣ ኮሎኝ የሚገኝ ፍርድ ቤት ቱርክ የተሠራውን ዱባይ ቸኮሌት ብለህ አትሽጥ ብሎ አልዲን እስከ ማገድ ደርሷል። ስምና ፋብሪካ እንደሚለያዩ ከዚ በላይ ማሳያ የለም።)

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ። "አፍሪካ መፍጨት እንኳን አታውቅም" የሚለው አረፍተ ነገር በጣም ነው ያናደደኝ፣ ምክንያቱም ውሸት ነው፣ ውሸት ብቻም ሳይሆን የራሳችንን ሰዎች ሥራ መካድ ነው። በዓለም ላይ ካካዎ በመፍጨት የሚፎካከሩት ሁለት አገሮች ሆላንድና አይቮሪኮስት ናቸው፣ በቅርብ ዓመታት አይቮሪኮስት ቀድማለች፣ በዓመት ወደ 700 ሺህ ቶን አካባቢ አቢጃንና ሳንፔድሮ ላይ ትፈጫለች። ጋና ቴማ ላይ ጎልደን ትሪ የሚባል ቸኮሌት ለረጅም ዓመታት እየሠራች ነው፣ የካቲት ወር ላይ ፈረንጁ የፍቅረኞች ቀን የሚለውን እነሱ የቸኮሌት ቀን ብለው የአገራቸውን ቸኮሌት ይሰጣጡበታል። አቢጃን ላይ በ2015 ሴሞዋ የሚባለው የፈረንሳይ ካምፓኒ የተሟላ የቸኮሌት ፋብሪካ ከፍቷል። በ2020 የጋናው ፕሬዚዳንት አኩፎ አዶ እዛው ስዊዘርላንድ ሄደው ጋና ከእንግዲህ ጥሬ ካካዎ እየላከች መኖር እንደማትፈልግ ፊት ለፊት ተናግረዋል። ይሄ ሁሉ ባለበት "አያውቁም" ማለት ምን ማለት ነው?

ችግሩ ያለው ከመፍጨት በኋላ ነው። ፍሬው ይቦካል፣ ይደርቃል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ከዛ ወፍራም ሊጥ የመሰለ ነገር ይወጣል፣ እሱ ሲጨመቅ ቅቤውና ዱቄቱ ይለያያሉ፣ (መጭመቂያውን በ1828 የፈለሰፉት ሆላንዶቹ እነ ቫን ሃውተን ናቸው)። እስከዚ ድረስ ያለው ሥራ ትርፉ ቀጭን ነው፣ ማሽኑ ውድ፣ ሠራተኛው ጥቂት፣ ገዢው ደግሞ ዋጋ የሚቆርጥ ግዙፍ ካምፓኒ። አይቮሪኮስት ውስጥ የሚፈጩትም ቢሆኑ በብዛት እነዛው ግዙፍ ካምፓኒዎች፣ የአሜሪካው ካርጊልና ባሪ ካሌቦ ናቸው። ወፍራሙ ገንዘብ ያለው ከዛ በኋላ ነው፣ ወተትና ስኳር ተጨምሮ፣ ማሸጊያ ለብሶ፣ ስም ተለጥፎበት ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ሲወጣ። ከአንድ ቸኮሌት መሸጫ ዋጋ ለገበሬው የሚደርሰው ለዓመታት ከ10 በመቶ በታች ነበር። ዋጋው ከመናሩ በፊት አይቮሪኮስት ጥሬ ፍሬ ለዓለም ሸጣ በዓመት የምታገኘው ከ3 እስከ 4 ቢሊዮን ዶላር ነበር፣ ጀርመን ያለ አንድ ዛፍ ከዛ በላይ ቸኮሌት ትልካለች።

ለምን እዛው አይሠራም ለሚለው ጸሐፊው ታሪፍ ብቻ ነው ያነሳው። ታሪፉ አለ፣ የአውሮፓ ኅብረት መደበኛ ቀረጥ ለጥሬ ፍሬ 0 ነው፣ ለካካዎ ቅቤ 7.7 በመቶ፣ ለተፈጨው ሊጥ 9.6 በመቶ፣ ማለትም ሥራ በጨመርክ ቁጥር የሚቀጣህ ነው፣ በዚ ላይ ቁጣው ልክ ነው። ግን አይቮሪኮስትና ጋና ከ2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለ ስምምነት ያለ ቀረጥ ነው የሚያስገቡት፣ ስምምነቱ ያልጸናላት ናይጄሪያ ናት በቅናሽም ቢሆን አሁንም የምትከፍለው። እና ቀረጡ ከተነሳላቸው ሁለቱ አገሮች የቸኮሌት መርከብ ሲጎርፍ አላየንም፣ ስለዚ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

አንዱ ሙቀት ነው። የካካዎ ቅቤ 34 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣል፣ አፍ ውስጥ የሚሟሟው ለዛ ነው፣ አቢጃን ደግሞ ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ነው። ጥሬ ፍሬ በጆንያ በተራ ኮንቴነር ይሄዳል፣ ቸኮሌት ግን ከፋብሪካ እስከ ሱቅ ድረስ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይፈልጋል፣ መንገድ ላይ ትንሽ ሞቆት መልሶ ከረጋ ላዩ ነጭ ይለብሳል። አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ያን ነጭ ነገር አይታችሁ "ኤክስፓየርድ አርጓል" ብላችሁ የመለሳችሁት ቸኮሌት ብዙ ጊዜ ቀኑ ያለፈ ሳይሆን ሙቀት ያገኘው ነው። ሌላው ወተት ነው፣ ሕዝብ የሚወደው የወተት ቸኮሌት ነው፣ ምዕራብ አፍሪካ ደግሞ የወተት ዱቄት የምታስገባው ከውጭ ነው። ስለዚ አቢጃን ላይ ለአውሮፓ ቸኮሌት ለመሥራት ወተቱን ከአውሮፓ አምጥተህ ከካካዎው ጋር አቀላቅለህ በማቀዝቀዣ መልሰህ ትልከዋለህ። ሦስተኛው ገበያ ነው፣ ጀርመኑ ፋብሪካ ኤክስፖርት ከማድረጉ በፊት በር ላይ የሚገዛው ሕዝብ አለው፣ በዛ ነው ያደገው። አራተኛው ስም ነው፣ መደርደሪያ ላይ አዲስ ስም ማስገባት ምን ያህል ገንዘብ እንደሚበላ ሱፐርማርኬት ያቀረበ ሰው ያውቀዋል። እነዚን ሁሉ የማያነሳ ጽሑፍ "ታሪፍ ነው በቃ" ብሎ ሲዘጋው ገበሬውን አልጠቀመውም።

እና ወደ መፍትሄው። "ጥሬ ካካዎ እንዳይወጣ ባንድ ቀን መከልከል" ያለው አዲስ ሐሳብ አይደለም፣ ተሞክሯል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የአይቮሪኮስቱ ፕሬዚዳንት ኡፉዌ ቧኚ ዓለም ዋጋ ሲያወርድባቸው ካካዎዬን አልሸጥም ብለው ያዙ፣ የዓለም አንደኛ አምራች ስለሆንኩ ይንበረከካሉ ብለው ነው። አልተንበረከኩም። ገዢዎቹ መጋዘናቸው ሙሉ ነበር፣ ማሌዥያና ኢንዶኔዥያም ምርታቸውን እየጨመሩ ነበር፣ ዋጋው ይባስ ወረደ። በ1989 መንግሥት ገንዘብ አለቀበትና ለገበሬው በኪሎ ይከፍለው የነበረውን ከ400 የሴፋ ፍራንክ (የአገሩ ገንዘብ) ወደ 200 ቆረጠው፣ ግማሹን ማለት ነው። ያን ዕዳ የከፈለው ዙሪክ ያለ ካምፓኒ አይደለም፣ ገበሬው ነው። በ2011 መጀመሪያ ደግሞ እዛው አይቮሪኮስት በምርጫው ቀውስ ጊዜ፣ ምርጫውን ያሸነፉት ኡዋታራ ሥልጣን አልለቅም ያሉትን የፕሬዚዳንት ባግቦን ገንዘብ ለመቁረጥ የካካዎ ኤክስፖርት ይቁም ብለው ነበር፣ ዓላማው ሌላ ቢሆንም ውጤቱ ያው ነው፣ ፍሬው ወደብ ላይ ተከማቸ፣ ኒውዮርክና ለንደን ላይ ዋጋ ጨመረ፣ ገጠር ላይ ግን ገዢ ስለጠፋ ዋጋው ወረደ።

ቀለል ያለ ሒሳብ ላምጣ። አይቮሪኮስት በደህና ዓመት የምታመርተው ከ2 ሚሊዮን ቶን ያልፋል፣ የምትፈጨው 700 ሺህ ገደማ ነው። ነገ ጠዋት ክልከላ ቢታወጅ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ፍሬ የት ይቀመጣል? በዛ እርጥበት ካካዎ ቶሎ ይሻግታል፣ ነቀዝ ይገባዋል። ገበሬው ደግሞ የልጅ ትምህርት ቤትና የሐኪም ወጪ ያለበት ሰው ነው፣ ፋብሪካ ተሠርቶ እስኪያልቅ አይጠብቅም፣ ድንበር አሻግሮ ይሸጠዋል። አሁንም ዋጋ በተለያየ ቁጥር ከጋና ወደ አይቮሪኮስትና ወደ ቶጎ በሌሊት ይሻገራል።

ፋብሪካ መኖሩ ብቻም እንደማያድን 2024 አሳይቷል። ለዓመታት ቶኑ ከ2 ሺህ እስከ 3 ሺህ ዶላር ይሸጥ የነበረው ካካዎ፣ በምዕራብ አፍሪካ ዝናቡ ተዛብቶ፣ በሽታ ገብቶ፣ ዛፉም አርጅቶ ምርት ሲቀንስ፣ በዛው ዓመት መጨረሻ ኒውዮርክ ላይ ከ12 ሺህ ዶላር አለፈ። ሰው "እሰይ፣ ገበሬው በለፀገ" አለ። ግን ሁለቱ መንግሥታት ምርቱን አስቀድመው በድሮው ዋጋ ሸጠውት ነበር፣ ለገበሬው የቆረጡትም በዛው ልክ ነበር፣ በኋላ ቢጨምሩለትም የዓለም ዋጋ አጠገብ አልደረሰም። በ2024 መጀመሪያ ላይ አንዳንድ የአቢጃን ወፍጮዎች፣ ፍሬው ደጃፋቸው ላይ እየበቀለ፣ መግዛት አቅቷቸው ሥራ አቁመዋል። ትልልቆቹ ብዙ ካፒታል ስላላቸው ቆዩ። ከዛ በፊት በ2019 ሁለቱ አገሮች ተባብረው በእያንዳንዱ ቶን ላይ 400 ዶላር ለገበሬው የሚሆን ጭማሪ ጥለው ነበር፣ እኔ ይሄ ትክክለኛ ሙከራ ነበር ባይ ነኝ፣ ገዢዎቹ ግን ሌላውን የጥራት ክፍያ እየቀነሱ ጎትተው መለሱት። እንግዲ ጸሐፊው መቆጣት ከፈለገ እዚህ ላይ ይቆጣ፣ ይሄ የሚያስቆጣ ነው፣ በ2020 የወጣ ጥናት በሁለቱ አገሮች 1.56 ሚሊዮን ልጆች ካካዎ ላይ እንደሚሠሩ ነው ያሳየው፣ ካምፓኒዎቹ ችግሩን እናስቀራለን ብለው በ2001 ፈርመው ሳለ ማለት ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ኢትዮጵያ ናት። ካካዎ ቆላማ፣ ሞቃት፣ ዝናብና ጥላ ያለበት ቦታ ይፈልጋል፣ ደቡብ ምዕራብ ላይ እንደዛ ያለ ቦታ የለም አልልም። ግን ዛፉ ፍሬ እስኪሰጥ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይፈጃል፣ ከዛ በኋላ የምናገኘው ደግሞ ከላይ ያየነውን፣ ትርፉ ቀጭን የሆነውን የሰንሰለቱን ጫፍ ነው። አይቮሪኮስት በ2 ሚሊዮን ቶን ያልወጣችበትን ጉድጓድ እኛ በጥቂት ሺህ ቶን ልንወጣበት አንችልም።

በዛ ላይ እኛ የራሳችን ካካዎ አለን፣ ቡና ነው። ስዊዘርላንድን ጸሐፊው በቸኮሌት ነው ያነገሣት፣ እሷ ግን ዛሬ ከቸኮሌትና ከአይብ ድምር በላይ የተቆላ ቡና ትልካለች፣ በዓመት 3 ቢሊዮን ፍራንክ አካባቢ፣ አብዛኛው እነዛ ትንንሽ ካፕሱሎች ናቸው፣ አንድ የቡና ዛፍ ሳይኖራት። ጀርመንም ከኢትዮጵያ ጥሬ ቡና ከሚገዙት ትልልቆቹ ናት፣ ቆልታ ደግሞ መልሳ ለዓለም ትሸጣለች። ሃምቡርግና ብሬመን ላይ የሚራገፈው ጆንያ የይርጋጨፌ ነው፣ የሲዳማ ነው፣ የጅማ ነው። እኛ ቡና መቁላት የማንችል ሕዝብ ሆነን አይደለም፣ ግን የምንልከው ከሞላ ጎደል በሙሉ ጥሬ ነው። የተቆላ ቡና ቶሎ ሽታው ይሄዳል፣ ጥሩ ማሸጊያ ይፈልጋል፣ ማሸጊያው በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገባው፣ ቡና የሚቆሉት የአውሮፓ ካምፓኒዎች ደግሞ የተለያየ አገር ቡና ቀላቅለው ነው ዋጋውን የሚያስተካክሉት። ካካዎ ላይ ያየነው ሙቀት፣ ወተት፣ ገበያና ስም እዚህ ጋ መልኩን ቀይሮ ተቀምጧል። እንዲያውም የኛ ከነሱ በአንድ ነገር ይሻላል፣ ሕዝባችን ቡናውን ይጠጣል፣ ከምርቱ ግማሽ ገደማ የሚሆነው እዛው አገር ውስጥ ነው የሚቀረው፣ ጀርመን በቸኮሌት የጀመረችውም እንደዛ ነው፣ ለራሷ ሰው በመሥራት። ጸሐፊው ቀጣይ ጽሑፍ ካሰበ ቴፒ ላይ ካካዎ ከመትከሉ በፊት ስለ ተቆላው ቡናችን ይጻፍልን፣ ቁጥሮቹን አጣርቶ ከመጣ እኔም በየግሩፑ እበትንለታለሁ።